በገዛ ቤት እንግዳ የመሆን የቤት ሥራ

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ካለው ቤታችን ወደ ካናዳ የወጣሁበት ምሽት ሻንጣዬ ከሚፈቀደው ኪሎ አልፎ ተገኘ። ከሽሮውና ከስድስት ዓመት የማስተማሪያ ወረቀቴ አንዱ መቅረት ነበረበት። እናቴ «አቦ፣ ወረቀት ይበላል እንዴ?» አለችኝ። እኔ ግን ካናዳ የእኔን ኢንትሮ ሶሺዮሎጂ ስትጠብቅ የኖረች መስሎኝ ሽሮውን አስቀረሁት። ሆዴ እስካሁን ይቅር አላለኝም።

ድሬ ላይ ስሜ የገነነው በአንድ የቤት ሥራ ነው። ተማሪዎቼን «ዛሬ ማታ በገዛ ቤታችሁ እንደ እንግዳ ሁኑ፤ ለሁሉም ነገር አስፈቅዱ፣ የሚሆነውን ጻፉ» እላቸዋለሁ። ሳይነገረን የምንኖርበት ደንብ የሚታየው ሲጣስ ነውና። ሂንዲያ የምትባል ተማሪዬ «እማ፣ ውሃ መጠጣት እችላለሁ?» ብትል እናቷ ግንባሯን ዳሰሰች፣ ቀጥላም ሼኽ አስጠራች። በማግስቱ እናትየዋ የማስተምርበት ከዚራ ሰፈር ድረስ በባጃጅ መጥታ ከክፍል አስወጣችኝ።

«ኡስታዝ፣ ልጄን ምን አስነካሃት? ወላሂ ዓይኔን ሳልከድን ነው ያደርኩት።»

ካናዳ ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ከደረደርኩ በኋላ አንድ ኮሌጅ ለሙከራ ሁለት ቀን እንዳስተምር ጠራኝ። ካለፍኩ መምህር፣ ካልሆነ ወደ ካርቶኔ። ሳምቡሳ ያቀመስኳት አከራዬ ሳህኑን አጥባ፣ ባዶውን ከምስጋና ካርድ ጋር በሬ ላይ ስታስቀምጥልኝ ደንቡ መለወጡ ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ የሶሺዮሎጂ መምህር ነኝ ባይ ነኝ። እኔ ግን ያችኑ የቤት ሥራ ሰጥቼ የወላጆችን ጩኸት መጠበቅ ጀመርኩ።

በማግስቱ የመጀመሪያው ልጅ «ፍሪጅ ልክፈት ወይ ብዬ ስጠይቃት እናቴ አመሰገነችኝ» አለ። ሁለተኛዋ «እኛ ቤት ሁልጊዜም እናስፈቅዳለን» አለች። ሦስተኛው አባቱን ገና አላገኘውም፤ ቀጠሮው ለሐሙስ ነው።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ካሮል ከኋላ ተቀምጣ ስትጽፍ ቆይታ «በጣም ደስ ይላል። ግን ግኝቱ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«እንግዳው እኔ መሆኔ ነዋ።»

ሳቀች። እንደውልልሃለን አለች። ሳምንት ሙሉ ስልኬን ሽንት ቤት ሳይቀር ይዤው ገባሁ። የመጣው ግን ኢሜይል ነው፤ ሌላ ሰው መርጠዋል፣ መልካም ዕድልም ተመኝተውልኛል።

ለእናቴ ደወልኩ። መጋዘኑ መሮኛል፣ ናፍቃችሁኛል፣ ወደ ቤቴ ልመለስ ልላት ነበር።

«እማ፣ ለጥቂት ጊዜ ብመጣ ይመቻችኋል?» አልኳት።

ምን እንዳልኩ የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ልጄን ምን ነካብኝ ብላ እንድትጮህ ጠበቅኩ። እንድትጮህብኝ በጣም ፈልጌ ነበር።

«ምን ችግር አለው ልጄ» አለችኝ ረጋ ብላ፤ «ብቻ ቀኑን ቀደም ብለህ ንገረን፣ ክፍሉን እናስለቅቅልሃለን። አሁን አሁን ለቁርስ የምትበላው ምንድን ነው? ፉል ይስማማሃል?»