እትዬ ወለተሐና የተሳለሙት ደጅ

እትዬ ወለተሐና ደብረ ብርሃን ከቤታቸው እስከ ኪዳነ ምሕረት ያለውን መንገድ አርባ ሁለት ዓመት ተመላልሰውበታል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እንኳ የሰው እጅ ይዘው አያውቁም። አስፋልቱን ይሻገራሉ፣ የባሕር ዛፎቹን ጥግ ይይዛሉ፣ ዛፎቹ ሲያልቁ የቤተ ክርስቲያኑ የውጭ በር ነው። ጫማቸውን እዚያው አውልቀው ግንባራቸውን መቃኑ ላይ ያሳርፋሉ።

ታመው ደብረ ሲና ልጃቸው ሥርጉት ዘንድ ዓመት ከመንፈቅ ተቀመጡ። ሲሻላቸው ሥርጉት፣ «በቃ እዚሁ ቅሪ፣ እማዬ» ብላ ለመነቻቸው። እሳቸው ግን የታወቁ ግትር ናቸው።

«ቤተ ክርስቲያን ብቻዬን መሄድ ያቃተኝ ቀን ራሴ እጠራሻለሁ። ቃሌ ነው» ብለው ተመለሱ።

በነጋታው ለኪዳን ጸሎት ማልደው ወጡ። ጉሙ ደግሞ የዘረጉትን እጅ እንኳ አያሳይም። አስፋልቱ ሰፍቶባቸው እስኪሻገሩት ደከሙ። ዛፎቹን በእጃቸው ቢፈልጉ አንድም የለም። ቢሆንም ቀጥ ብለው ሄዱና እጃቸው መቃን ነካ። ይለሰልሳል። «አድሰውታል፣ እሰይ» አሉ በልባቸው። ጫማቸውን አወለቁ፣ ተሳለሙ፣ ለዚህ ያበቃቻቸውን እመቤታቸውን እያመሰገኑ አለቀሱ።

«እማማ፣ ሰው ፈልገው ነው?» አላቸው ከውስጥ የወጣ ዘበኛ።

«ኪዳኑ ተጀመረ ወይ፣ ልጄ?»

«ይሄ እኮ ሆቴል ነው፣ እማማ።»

ክው አሉ። ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ መልሰው ጠረጉ።

«ኪዳነ ምሕረትስ? የት አደረጓት?»

«የትም አልሄደች። መንገዱ ሲሰፋ በሯን በጀርባ በኩል አዞሩት። ይምጡ፣ ላድርስዎ።»

«አንተ የዚህ ሰፈር ልጅ ነህ?»

«ኧረ እኔስ ከደሴ ከመጣሁ ገና አራት ወሬ ነው።»

አርባ ሁለት ዓመት የሄዱበትን መንገድ የአራት ወር እንግዳ እጃቸውን ይዞ መራቸው። ይህ ከሆቴሉም በላይ አስደነገጣቸው። እንዲህ ያለ ድንጋጤ ባላቸው የሞተ ቀን እንኳ አልያዛቸውም።

ዘበኛው አድርሷቸው ተመለሰ። ሌላ ያየ የለም፤ ዝም ቢሉ ሥርጉት ከየት ትሰማለች? ኪዳኑ እስኪያልቅ አንዲት ጸሎት አልወጣቸውም። ከዚያ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን አወጡ።

«ሥርጉት፣ ነይና ውሰጂኝ።»

«ምን ሆንሽ እማዬ? ወደቅሽ?»

«አልወደቅሁም። ኪዳነ ምሕረት ግቢ ነኝ። ስትመጪ በፊት በኩል አንድ ሆቴል አለ፤ ጫማዬን በሩ ላይ ታገኚዋለሽ።»