ግሪሻ ያላለው ነገር

ዋለልኝን ያለ ማይክ የሚያውቀው ሰው ዲዳ ነው ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም። ሥራው የአየር ማቀዝቀዣ፣ እኛ ጅቡቲ ክሊም የምንለውን፣ መጠገን ነበር። በር ያንኳኳል፣ በጣቱ ወደ ግድግዳው ይጠቁማል፣ መሰላሉን ያቆማል፤ ቀዝቃዛው አየር መውጣት ሲጀምር አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሐምሌ ላይ፣ ያ የእሳት ነፋስ ከተማውን ሲጠብስ፣ ከእሱ የበለጠ የሚወደድ ሰው አልነበረም። እሱ ግን ሲመሰገን እንኳ አንገቱን ደፍቶ፣ መሰላሉን ተሸክሞ ይሮጣል።

ማይክ ሲጨብጥ ግን ወየው! እናት ይሆናል፣ የጀርመን ጄኔራል ይሆናል፣ ሲያሻው ታንክ ይሆናል። አንዴ ፈረስ ሆኖ ሲያለቅስ አብረን አልቅሰናል።

እኔ ሀጀራ እባላለሁ፤ ያኔ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ዓርብ ከምሳ በኋላ ጫት ሲገባ ወንዱ ሁሉ በየበርጫው ይሰየማል፤ አዳራሹ የሴቶች ይሆናል። በየሰው ቤት የሚሠሩት የአገሬ ልጆች ዕረፍታቸው የዓርብ ከሰዓት ናት። ከሆዳን ሰፈርም ከየትም በሚኒባስ ቡላኦስ ድረስ ይመጡና ከዚያ በእግራቸው፣ ሽቶ በሽቶ ሆነው ይገባሉ። ሳምንቱን ሙሉ «ወይ ማዳም፣ እሺ ማዳም» ሲሉ የከረሙ ሴቶች ቤቴ ሲገቡ ጣሪያው እስኪነሳ ይጮሃሉ። የፊልሙን ቋንቋ አያውቁም፤ ለማወቅም አይፈልጉም። ለዚህ ነው አስተርጓሚ ያለው። ቪዲዮ ቤት የሚመረጠው በፊልሙ ሳይሆን በአስተርጓሚው ነው፤ የእኔ አስተርጓሚ ዋለልኝ ነበር።

በፈረንጆቹ 2006 አንድ ዓርብ የህንዱ ካሴት ዴኩ ውስጥ ተጠላልፎ ቀረ። ሴቶቹ መሬቱን ይደበድባሉ፣ እኔ በመቀስ አንጀቱን እጎትታለሁ። ከገበያ በጅምላ ከገዛኋቸው አሮጌ ካሴቶች መካከል እጄ የገባውን አንዱን ከተትኩ። ብቅ ያለው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «የመስመር ጠባቂዋ»! የልጅነት ፊልማችን፤ የሩሲያ ፊልም፣ ጥቁርና ነጭ። ታማራ የምትባል የባቡር ሐዲድ ጠባቂ አለች። ጀርመኖች ድልድይ ሊያፈርሱ ይመጣሉ፤ ግሪሻ የሚባል ወታደር ድልድዩን እንዲጠብቅ ይላካል፤ ይዋደዳሉ፤ ግሪሻ ይሞታል፤ ድልድዩ ይተርፋል። መጨረሻው ላይ ባንዲራ የሰቀለ ባቡር ሲያልፍ ሕዝቡ ሁሉ ቀና ብሎ ፀሐይ ፀሐይ ያያል። በዚያ ዘመን ፊልም ላይ ሰው ፀሐይ ማየት ይወድ ነበር፤ አንድ ክረምት ጅቡቲ ቢያሳልፉ ይተዉት ነበር።

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ እኔም ዋለልኝም አይተነዋል። ድሬ የባቡር ከተማ አይደለች? ስለ ባቡር ፊልም መጣ ሲባል ቤት የቀረ ሰው አልነበረም። ማይኩን የያዘው የቀበሌው ካድሬ ነው፤ ሩሲያኛ ማወቁን አላህ ይወቅ። ግሪሻ በጨረቃ ታማራን አቅፎ በጆሮዋ ሲያንሾካሹክ ካድሬው «ጓዲት፣ የዘንድሮውን ምርት በእጥፍ ማሳደግ ይጠበቅብናል» ይላል። እኛም እናጨበጭባለን። ሰው እንዴት በጨረቃ ተቃቅፎ ስለ ምርት ያወራል ብሎ የጠየቀ የለም፤ መጠየቅ ደግ አልነበረም።

ዋለልኝም ሩሲያኛ የሚባል አንዲት ቃል አያውቅም። ስለዚህ የካድሬውን ትርጉም እንዳለ ጀመረው። ጨረቃዋ ወጣች፣ ግሪሻ አቀፋት፣ ዋለልኝም «ጓዲት፣ የዘንድሮውን ምርት...» ሲል አዳራሹ ተናወጠ።

«ምን ምርት! ሳምንቱን ሙሉ ስናመርት አይደል እንዴ የከረምነው!» አለች አንዷ።

«ይልቅ ይሳማት!» አለች ሌላዋ።

ዋለልኝ ወዲያው «ታማራ፣ ሳትበዪ እንደዋልሽ ፊትሽ ይናገራል። ለሌላው ስትሮጪ ለአንቺ ማን አሰበልሽ?» አለ። ከዚያ አንዷ መሐረብ አወጣች፤ ከዚያ ሁሉም አወጡ። የህንዱ ፊልም በዚያው ተረሳ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «የመስመር ጠባቂዋ» የእኛ ፊልም ሆነ። ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ ዋጋ አልቀንስም ያለ ነጋዴ ፊት ቆማ የማትነቃነቅ ሴት «ታማራ» ትባላለች። ማዳሟ ያለ ዕረፍት የምታሠራት «ዛሬም ጀርመኖቹ ሰፈር ነኝ» ብላ ትደውላለች። ሞስኮ ቁጭ ብለው ያን ፊልም የሠሩት ሰዎች ምን አስበው እንደነበር አላውቅም፤ የጅቡቲ ሠራተኛ ዓርብ ዓርብ እንድትስቅ ብለው ግን አልነበረም።

ታዲያ ከሴቶቹ መካከል ትርሲት የምትባል ነበረች። ሆዳን ውስጥ ማዳም ጋሊና የምትባል ሩሲያዊት ቤት ምግብ ታበስላለች፤ የማዳም ጋሊና ባል የጅቡቲ ሐኪም ነው፣ ሩሲያ ተምሮ ሲመለስ ይዟት የመጣ። ዋለልኝ ክሊም ሊጠግን እዚያ ቤት ሄደ። ትርሲት ቀይ ሥር ስትልጥ ነበርና በዚያው እጇ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠችው። የጣቶቿ ቀለም ብርጭቆው ላይ ቀረ። የእኔ ጀግና ውሃውን ጠጥቶ፣ ብርጭቆውን አይቶ፣ መሰላሉን እዚያው ረስቶ መጣ። ራሱ ነው የነገረኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ ጨረቃዋ ስትወጣ ግሪሻ «ታማራ፣ ያን የቀይ ሥር ቀለም ከእጅሽ አትታጠቢው። አንቺ የነካሽው ብርጭቆ ቢሰበር እንኳ ስብርባሪውን አልጥለውም» ብሎ እርፍ! ከወንበሬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው! ታማራ የያዘችው ደግሞ ቀይ ሥር ሳይሆን የሐዲድ መፍቻ ነው!

ትርሲት ይገባታል ብዬ ዞር ብዬ አየኋት። እንባዋን እየጠረገች «እትዬ ሀጀራ፣ አየሽልኝ ሩሲያዎችን?» አለችኝ። «የእኔም ማዳም ያለ ቀይ ሥር ሾርባ ውላ አታድርም እኮ። አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው ማለት ነው!»

ምን ይባላል? በየሳምንቱ ግሪሻ አዲስ ነገር ይናገራል፤ ማርያም ስለ ሳመችው ጉንጯ፣ ስለ አረማመዷ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ስለመሸፈኗ። ታማራ ነጠላ የላትም፤ የወታደር ካፖርት ነው የለበሰችው። ሴቶቹ ግድ አላላቸውም፤ ትርሲትም ግሪሻን ወደደችው። አንድ ቀን ፊልሙ ሲያልቅ ዋለልኝ ፊት ቆማ «እንደ ግሪሻ ያለ ወንድ እዚህ አገር ይገኛል ብለህ ነው?» አለችው። ማይኩ ጠፍቷል። ዋለልኝ የማይኩን ገመድ እየጠቀለለ «ክሊሙ ደህና ነው?» አላት።

በጥፊ ብለው ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ክፉ ወሬ መጣ። ዱባይ ያለችው የትርሲት የአክስት ልጅ ሥራ አገኘችላት፤ ቪዛው ወጣ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ትሄዳለች። ዋለልኝ ሲሰማ መልኩ ጠቆረ። «ሂድና ንገራት» አልኩት። ሆዳን ሄደ፤ የክሊሙን ማጣሪያ አጥቦ ተመለሰ። በማግስቱ በቁጣ ላክሁት፤ የጎረቤቱን ክሊም ሠርቶ ተመለሰ። «እትዬ፣ ማይክ ሳልይዝ ሳያት ምላሴ ይታሰራል» አለኝ። ውነቴን ነው፣ አሳዘነኝ። ልጅቷን ካጣት ዕድሜውን ሙሉ መሰላል ተሸክሞ በየቤቱ ሊዞር ነው፣ ግሪሻ ተናገረ ብሎ ራሱን ሊያጽናና።

ትርሲት የምትሰናበትበት ዓርብ ደረሰ። እኔ በር ላይ ቆሜ ስጠብቃት አንዲት ትልቅ፣ አበባ ቀሚስ የለበሰች ፈረንጅ አስከትላ መጣች። ማዳም ጋሊና! ትርሲት ወጥ ቤት ውስጥ በዚያች ፈረንሳይኛዋ ስለ ታማራና ስለ ድልድዩ ስታወራላት፣ ማዳም ጋሊና ማንኪያዋን ጥላ ተነሳች አሉ። ልጅ ሆና በየዓመቱ በድል በዓል ቀን ትምህርት ቤት ያሳዩዋት ነበር፤ ካላየሁት ሞቼ እገኛለሁ አለች።

ዋለልኝ ሲያያት ላብ አጠመቀው። «እትዬ፣ ሩሲያኛ ታውቃለች እኮ!» አለ።

«ታዲያ ሩሲያዊት ጣሊያንኛ ልታውቅ ነበር? አማርኛ አታውቅም፤ ዝም ብለህ ሥራ» አልኩት።

ፊልሙ ተጀመረ። ማዳም ጋሊና የፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ትርሲትን አጠገቧ አድርጋ፣ ማራገቢያዋን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ዘፈኑን አብራ ትዘፍናለች። የታማራ እናት ደብዳቤ ሲደርሳት ማዳም ጋሊና ታለቅሳለች፤ የእኛዎቹ ደግሞ ይስቃሉ፣ ዋለልኝ እናትየዋን ስለ ጎረቤት ዶሮ እያስወራት ነዋ! የጀርመኑ ጄኔራል ብቅ ሲል ግን «ጥፋ ከዚህ!» ብለው ሁሉም እኩል ጮሁበት፣ በሦስት ቋንቋ።

ጨረቃዋ ወጣች። ዋለልኝ ማይኩን በሁለት እጁ ያዘ። «ታማራ» አለ ግሪሻ፣ «ሰዎች ሩቅ አገር ልትሄጂ ነው ይሉኛል። የቀይ ሥሩን ቀለም ይዘሽብኝ ልትሄጂ ነው? እኔ ምን ላይ ላየው ነው?»

አዳራሹ በአንድ ትንፋሽ አነባ። ማዳም ጋሊና ግራ ገባት። «ምን ሆነው ነው? እዚህ ጋ ምን የሚያስለቅስ አለ?» ብላ ትርሲትን ጎነተለቻት። ትርሲት እያለቀሰች በፈረንሳይኛ ተረጎመችላት።

«ሜ ኖን! ኧረ አይደለም!» አለች ማዳም ጋሊና፤ ድምጿ እስከ በር ድረስ ይሰማል። «ግሪሻ እንደዚያ አይልም! ‹ብሎኑ ላልቷል፣ መፍቻውን አቀብዪኝ› ነው የሚለው። በቃልህ ተናገር ብትሉኝ እናገረዋለሁ! ደግሞ የምን ቀይ ሥር? በዚህ ፊልም ውስጥ ቀይ ሥር የለም። ቀይ ሥር ያለው የእኔ ወጥ ቤት ነው!»

ትርሲት እጇን አየች። ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ሾርባውን ሠርታ ነው የመጣችው፤ ጥፍሮቿ ዙሪያ ገና ቀይ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ አስተርጓሚው የሚቀመጥበትን ጥግ አየች። ዋለልኝ ይህን አላየም፤ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው፣ ግሪሻ ሊሞት ነው። ግሪሻም ድልድዩ ላይ ወድቆ ሞተ፤ ሴቶቹም እንደ ልማዳቸው ደረት መቱ።

ትርሲት ተነሳች። በሴቶቹ ጉልበት ላይ እየተረማመደች ሄደችና ዋለልኝ አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ ማይኩን ከእጁ ወሰደችው። ስክሪኑ ላይ ታማራ የግሪሻን ቆብ ይዛ ልትናገር ነው። ያ ንግግር ካድሬያችን የሚወደው ስለ ድልና ስለ ሕዝብ የሚናገረው ነው። ትርሲት ለታማራ ተናገረችላት።

«አንተ ግሪሻ» አለች። «ስለ ነጠላዬ ማን ነገረህ? የሰጠሁህን ውሃ የጠጣኸው አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው ነው? ንገረኝ። ሻንጣዬን አሥሬአለሁ።»

ማይኩን መልሳ ሰጠችው።

«ሞቷል እኮ! ግሪሻ ሞቷል!» አለች ከኋላ አንዷ።

«ይነሳና ይመልስላት!» አለች ሌላዋ።

ዋለልኝ ማይኩን ይዞ ስክሪኑን ያስሳል፤ የሚናገርለት ወንድ ፈለገ። አንድ ሽማግሌ የጣቢያ ኃላፊ ብቅ አሉ። «ልጄ ሆይ» አለ በሽማግሌ ድምፅ፣ «የዘንድሮው ምርት...»

ይኼን ጊዜ ደሜ ፈላ። ዴኩን ድርግም አደረግሁት። ታማራም፣ ሽማግሌውም፣ ባቡሩም፣ ፀሐይዋም ጠፉ፤ ስክሪኑ ሰማያዊ ብቻ ሆነ። ዋለልኝ ወደ እኔ ዞረ፤ እባክሽ በሚል ዓይን አየኝ፤ ጨክኜ ፊቴን አዞርኩበት። ስክሪኑን አየ፣ ማንም የለም። ማይኩን ከአፉ አራቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አላት። ረጅም አልነበረም። ትርሲት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አልሰማንም!» ብለው ጮኹ ሴቶቹ። «በማይክ! በማይክ ይባልልን!» ማዳም ጋሊናም አግዳሚው ላይ ቆማ «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች።

ትርሲት ዞር አለች። «ለእናንተ አይደለም የተናገረው» አለቻቸው።

ዱባይ ያለችው የአክስቷ ልጅ እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች።