እናቴ ሙዚቃ አታውቅም

ቀጭ!

ያን ድምፅ ታስታውሰው የለ፤ የድሮ ቴፕ ቁልፉ ሲጫን የሚያወጣውን። ትናንት ሰሃን ሳጥብ ልጄ ቴፑን ከአልጋ ሥር አውጥታ ስትነካካው ሰማሁ። አቧራና የሞቀ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ወዲያው ከሚሴ ገባሁ፤ ዘጠነኛ ክፍል፣ የኛ ግቢ፣ ፀሐይዋ ዘንበል ያለችበት ከሰዓት።

ያኔ ትምህርት ቤታችን አንድ ወጣት የሙዚቃ መምህር ተመድቦለት ነበር፤ ቀጭን፣ ዓይን አፋር የአዲስ አበባ ልጅ። በሳምንት አንድ ቀን ክራር ያስተምረናል። ለዚያች ክፍለ ጊዜ ስል ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው ብልህ ወላሂ አልዋሸሁም። ታዲያ አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ፣ «ወላጅ ለሙዚቃ ግድ ከሌለው ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ይሰጣል» አሉ። ለሒሳብ! እኔን ይብላኝ!

መምህሩም «እንግዲያው ሕዝቡን እንጠይቃ» ብሎ መልሱን ሊቀዳ ቴፑን አንጠልጥሎ ተነሣ። ኦሮምኛ ስለማይችል አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ከቤት ቤት ዞርን፤ ጨፋ ሮቢት ገበያ ድረስ ወርደን የከብት ነጋዴ ሳይቀር ጠየቅን። ጥያቄው አንድ ነበር፦ «ሙዚቃ ይወዳሉ? ቤታችሁ ሙዚቃ የሚችል ሰው አለ?»

መልሱም አንድ ነበር፤ «አስተግፊሩላህ!»

እኛ ዘንድ ሙዚቃ ማለት እኮ በደሴ መንገድ ዳር፣ ከመጠጥ ቤቶቹ ለከባድ መኪና ሾፌር የሚጮኸው ነገር ነው። ጨፋ ሮቢት ላይ አንድ ሽማግሌማ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ «አቲ ኢንተለ ኤኙቲ?» አሉኝ፤ የማን ልጅ ነሽ አንቺ? አባቴን እንዳያገኙት ስጸልይ ሰነበትኩ። «ሙዚቃ» የሚለው ቃል እንዳሳሳተን ግን መምህሩም እኔም አልነቃንም።

በመጨረሻ ደክሞን እኛ ቤት ገባን። እናቴ በሩ ላይ ተቀምጣ በሰፌድ ማሽላ ታበጥራለች። «ግቡ፣ ግቡ፣ አብሽሩ!» አለች። መምህሩ ቴፑን ከፈተ።

«እማማ፣ ሙዚቃ ይችላሉ?»

«ኧረ እኔ ሙዚቃ አላውቅም የኔ ልጅ። አላህ ይጠብቀን!»

ቀጭ። ዘጋው። በገዛ እናቴ ተናደድኩ። ለኔ ስትል አዎ ብትል ምን ነበረበት?

መምህሩ ቴፑን ቦርሳው ውስጥ ሲከት እናቴ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሰፌዱ ሽው፣ ሽው፣ ጧ ይላል። በዚያው ምት ላይ ድምፅዋን አነሣች። መንዙማ ነበር፤ ነቢዩን የምታወድስበት፣ ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ። ሁልጊዜ ስለምሰማው እኔ ልብም አላልኩት። ልብ ያልኩት የመምህሩን ጣት ነው፤ ቦርሳው ላይ ምቱን ይከተላል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እማማ፣ ይሄስ ምንድን ነው?»

«ይሄማ መንዙማ ነው!» አለች እየሳቀች።

«ማን አስተማረዎት?»

«ማን ያስተምራል? ጎረቤቱ ሐሙስ ሐሙስ ለዱዓ ሲሰበሰብ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ልጅም ታዝሎ እየሰማ ያድጋል። ይቺም ጀርባዬ ላይ ሆና ነው የለመደችው።»

«ልቅዳው?»

«ተው! እሱ በቴፕ አይሆንም። ሐሙስ መጥተህ ተቀበል።»

መጣ። ከወንዶቹ በኩል ተቀምጦ እያጨበጨበ ሲቀበል ዋለ። ድቤውን የሚመቱት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? የማን ልጅ ነሽ ያሉኝ ሽማግሌ! ከጨፋ ሮቢት ድረስ መጥተዋል። አይተውኝ ሳቁ፤ እኔም አፍሬ ሳቅሁ።

በማግስቱ መምህሩ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሮጠ። «አገሩ ሁሉ እኮ ሙዚቀኛ ነው!» እሳቸው ግን ቴፑን አስከፍተው አዳመጡ። «አናውቅም፣ አንፈልግም ብለዋል፤ በገዛ አፋቸው። ሌላ ምን ልስማ?» አሉና ነገሩ አበቃ። ሒሳብ ገባልን። መምህሩ ሲዛወር ቴፑን ለኔ ትቶልኝ ሄደ። እኔም ከዚያ ወዲህ ክራር ነክቼ አላውቅም፤ አሁንም ድረስ ይቆጨኛል።

እናቴ ከሞተች ቆየች። መንዙማዋን የቀዳ ሰው የለም። በእጄ ያለው ድምፅዋ ያ ብቻ ነው። ትናንት ልጄ ስትጫነው፣ «ኧረ እኔ ሙዚቃ አላውቅም የኔ ልጅ» አለች እናቴ። ቀጥሎ ቀጭ።

«እማ፣ አያቴ ሙዚቃ አታውቅም ነበር እንዴ?» አለችኝ ልጄ።

እጄን ጠረግሁና መንዙማዋን ራሴ አወጣሁ። ድምፄ ተሰነጣጠቀ፤ ግድ የለም። ለልጄ መንዙማ አስተምሬያት አላውቅም። አዝያት ግን ነበር።

ተቀበለችኝ።