ከጎታው ጀርባ ያለችው ኮምፒዩተር

እህቴ ዐረብ አገር የምትሠራበት ቤት ውስጥ ሰባት ካሜራ ነበር። ሳሎን፣ ኩሽና፣ ደረጃው ላይ፣ የልጆቹ መኝታ ቤት በር ላይ ሳይቀር። መጀመሪያ ሰሞን ስትደውል፣ አንገቷን ማከክ እንኳ እንደምትፈራ ትነግረን ነበር። እያደር ግን ለመደችው፤ ስትለምደው ደግሞ አንድ ሐሳብ መጣላት።

"እኔን ቀኑን ሙሉ ሲያዩኝ ይውላሉ" አለችኝ በስልክ። "እኔስ የራሴን ሰዎች ባይ ምን አለበት?"

ጊዜው ለውጥ መጣ የተባለበት፣ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ የሚውልበት ነበር። እኔ ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር አስተምራለሁ። ስለዚህ በሰፈራችን ገመድ ያለው ነገር ሁሉ የኔ ጉዳይ ነው፤ ሬዲዮ ቢበላሽ፣ ስልክ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ወደኔ ይመጣል። እህቴ ለፈቃድ ወደ አገሯ ከምትመጣ አንዲት ሴት ጋር ሁለት ካሜራና አንድ ጥቁር ሳጥን ላከችልኝ። ሳጥኑ ጎን ለጎን የተቀመጠ ሁለት ሳሙና ያህላል። እናቴ ሽቶ መስሏት አሸተተችው።

ኮምፒዩተር ነው ብላት አላመነችኝም። ስክሪኑ የታለ? መጻፊያውስ? ይቺ ዝም ብላ ጥግ ይዛ የምትቀመጥ፣ ካሜራዎቹ ያዩትን እየተቀበለች ሆዷ ውስጥ የምትቀዳ፣ ኔትወርክ ሲኖር ደግሞ እህቴ ባለችበት ሆና እንድታይ የምታደርግ ናት ብዬ አስረዳኋት። እናቴም "በይ እንግዲህ፣ ሐሜት አታውጣ እንጂ" አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

እውነቱን ለመናገር ሳጥኗ ከመምጣቷ በፊት በተውሶ ካሜራና በአንድ አሮጌ ትልቅ ኮምፒዩተር ሞክሬው ነበር። እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፣ መብራት ይበላል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ አብሮ ይጠፋል። እኛ ዘንድ መብራት የሚጠፋው ሲነጋና ሲመሽ ብቻ ሳይሆን በመሐልም ነው። ትንሿ ግን የምትፈልገው አንዲት አምፖል የምትፈልገውን ያህል ኃይል ስለሆነ አንድ የመኪና ባትሪና አንድ የሶላር ሰሌዳ በቂዋ ሆነ። ሰሌዳውን ከአባቴ ጋር ጣራ ላይ ወጥተን ነው ያሰርነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ አሁን ታንኳውን ትቶ ግቢ ውስጥ የሌሎችን መረብ ይጠግናል። ብሎኑን ንቆ በመረብ ገመድ አሰረው። በሐምሌ ንፋስ የጎረቤቶቻችን ቆርቆሮ ሲገነጠል የኛ ሰሌዳ ንቅንቅ አላለም።

ሳጥኗን አቧራና ጢስ እንዳያገኛት ጓዳ ውስጥ ከእህል ጎታው ጀርባ አስቀመጥኳት። አንዱን ካሜራ ወደ መንገዱ፣ ሌላውን ከጣራው ክፈፍ ሥር አድርጌ ወደ ግቢው አዞርኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ጉድ ነበር። አንድ ነገር በተንቀሳቀሰ ቁጥር መልእክት ለእህቴ እንዲደርሳት አድርጌ ነበር። ግቢያችን መሐል የዘይቱን ዛፍ አለ፤ ከሐይቁ ንፋስ በመጣ ቁጥር ዘይቱኑ ይወዛወዛል። ዶሮዎቹም አሉ። እህቴ ሥራ ላይ ሆና ስልኳ ሲንጫጫ ዋለና አሠሪዋ ማን ነው እንዲህ የሚፈልግሽ ብላ ጠየቀቻት። ዶሮ ነው ማለት አልቻለችም። ማታ ደውላ ከሳቋ ጋር እየታገለች ነገረችኝ፤ እኔም ሳጥኗ ቅጠልና ዶሮ እንድትንቅ፣ ሰው ብቻ እንድትለይ አድርጌ አስተካከልኩት። እናቴ ግን ይህን ስትሰማ ቅር አላት። ጥቁሯ ዶሮ አጥር ስትዘል እህቴ ዐረብ አገር ሆና አይታ ደውላ ስለነበር፣ ይህን የመሰለ ጥበቃ ለምን ይቀራል ባይ ናት።

አባቴ ጨርሶ አልወደደውም። ሰው በገዛ ግቢው ምን ተብሎ ይጠበቃል እያለ፣ መረብ ሲጠግን ለካሜራው ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ ነበር። እህቴ ለሁለት ወር ያህል የአባቷን ጀርባ ስታይ ከረመች። በመጨረሻ ለምና አስለመነችው። አሠሪዎቿ ከቤት የሚወጡት ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ነው፤ እሷም ሻይ የምትጠጣው ያኔ ነው። በዚያች ሰዓት ብቻ ዘይቱኑ ሥር መጥቶ ፊቱን ቢያሳያት፣ ሌላውን ጊዜ እንደፈለገ ይሁን አለች። አባቴ እያጉረመረመ እሺ አለ። ካሜራው ድምፅ እንደማይቀዳ ብነግረውም እየመጣ አንድ ነገር ብሎ፣ እጁን አንስቶ ይመለስ ነበር።

ከአጥራችን ማዶ የኔታ ይኖራሉ። የዜማ መምህር ናቸው፤ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በእግራቸው ወጣ ገባ ይላሉ። ከአባቴ ጋር ወጣት ሳሉ ጀምሮ ባልንጀሮች ናቸው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ሲከራከሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። አንዱ ሙስሊም ሆኖ ስለ ጾሙ መከራከሩን ሁለቱም አያስታውሱትም። የኔታ ካሜራ መተከሉን ከሰሙ ወዲህ በግቢያችን ሲያልፉ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ።

"ልጅቷ ባሕር ማዶ ሆና ዝርክርክ አድርጋ እንዳታየኝ ነው" አሉኝ አንድ ቀን።

እንዲህ እያልን ስንኖር ጦርነቱ መጣ።

መጀመሪያ ወሬው፣ ቀጥሎ ከወልድያ በኩል ሰው በመኪናም በእግርም መንገዱን ሞላው፤ ከዚያ የተኩሱ ድምፅ ቀረበ። መብራትም ኔትወርክም በአንድ ሰሞን ጠፉ። የእናቴ አክስት አምባሰል ውስጥ ከዋናው መንገድ በራቀ ገጠር ይኖራሉና ወደዚያ እንውጣ ተባለ። አባቴ አልሄድም አለ። ጉልበቱ ዳገቱን እንደማይችል፣ እኛንም መንገድ ላይ እንደሚያዘገየን፣ ሽማግሌን ማንም ምንም እንደማያደርግ እየደጋገመ ነገረን። እናቴ ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ በመጨረሻ ስንቅ ማሰር ጀመረች። የኔታም ቤተ ክርስቲያኑን ትቼ አልወጣም ብለው ስለነበር ሁለቱ አብረው እንደሚሆኑ አባቴ ነግሮ አጽናናን።

ከመውጣታችን በፊት ካሜራዎቹን ልነቅል ነበር። ለመሣሪያው ብዬ አይደለም፤ ባልታወቀ ሰው ዓይን ካሜራ ያለው ቤት የሚያስጠረጥር መስሎኝ ነው። የመንገዱን ነቅዬ መሬት ውስጥ ቀበርኩት። የግቢውን ልነቅል መሰላል ሳቀርብ አባቴ እጄን ያዘኝ።

"ይቺን ተያት" አለ። "ኔትወርክ ባይኖርም ትቀዳለች አላልሽም?"

ትቀዳለች አልኩት። መረብ አምጥቶ ክፈፉ ላይ ለማድረቅ እንደሰቀለ አድርጎ ሸፈናት፤ በመረቡ ቀዳዳ ብቻ እንድታይ። ለምን እንደፈለጋት አልጠየቅኩትም። ሌባ ቢገባ ለማወቅ ነው ብዬ ገመትኩ።

እስከዚያ ቀን ድረስ አምባሰልን በዘፈን እንጂ በእግሬ አላውቀውም ነበር። ዘፈኑ ይሻላል። ዳገቱን ስንወጣ እናቴ በየድንጋዩ እየተቀመጠች አባትሽ ልክ ነበር ትለኛለች፤ ተነስታ ስትራመድ ደግሞ ትሰድበዋለች። አክስቷ በደስታ ተቀበሉን፣ ያላቸውን አካፈሉን። በየጠዋቱ የተሰደዱት ሁሉ ወደ አንድ ጉብታ ወጥተው ስልካቸውን ወደ ሰማይ ያነሳሉ፤ ማንም ግን አንዲት መስመር አላገኘም። ስለ ሐይቅ የሚመጣው ወሬ ደግሞ ሁለት ሰው ሲናገረው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከተማው ሰላም ነው ይላል፣ ሌላው ሰው አልተረፈም ይላል። እናቴ ሁለቱንም አላምንም ብላ ከሰው ጋር ማውራት አቆመች። እኔን የሚያስጨንቀኝ እህቴም ነበረች። እኛ እንኳ ሁለት ሆነን ነው፤ እሷ ያለችው ብቻዋን፣ ማንም በማያነሳው ስልክ ላይ እየደወለች ነው።

ከአንድ ወር በላይ ቆይተን መንገዱ ተከፈተ ሲባል ተመለስን። የግቢው በር ተገንጥሏል። ቴሌቪዥኑ፣ ፍራሾቹ፣ የእናቴ አዲስ ብርድ ልብስ የሉም። አባቴ ዘይቱኑ ሥር መረብ ዘርግቶ ይጠግን ነበር። ከስቶ ሸሚዙ ሰው የገባበት አይመስልም። እናቴ ሮጣ ሄዳ፣ አጠገቡ ስትደርስ ቆመችና ትከሻውን፣ ክንዱን፣ ጉንጩን በእጇ እየዳሰሰች መረመረችው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ አካሌ" አላት። "ምንም አልሆንኩም።"

ምን እንደደረሰበት ስንጠይቀው ይህችኑ ነው የሚመልሰው። ተቀምጬ ነበር፤ ምንም አልሆንኩም። የኔታም ብንጠይቃቸው እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ያልፉናል።

በማግሥቱ ጓዳ ገብቼ ከጎታው ጀርባ አየሁ። ጎታው ተገልብጧል፣ እህሉ የለም፤ ሳጥኗ ግን ከነባትሪዋ በግድግዳውና በተገለበጠው ጎታ መካከል ተወሽቃ አረንጓዴ መብራቷ ይበራል። ስክሪን ተውሼ መጥቼ ሰካሁባት። እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች። ደመና የበዛበት ቀን ሌሊቱን ባትሪው እያለቀ ትጠፋ ነበር፤ ፀሐይ ሲወጣ ግን በራሷ ተነስታ መቅዳቷን ትቀጥል ነበር።

ሌቦቹን እናያለን ብለን ነበር የከፈትነው። ያየነው አባቴን ነው።

በየቀኑ፣ በሦስት ሰዓት፣ ከቤት ወጥቶ ዘይቱኑ ሥር ይቆማል። ወደ ካሜራዋ ቀና ይላል፣ አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ትንሽ ይጠብቃል። ከዚያ ልብስ ሰፊ ቤት እንደሚለካ ሰው ዞር ብሎ ጀርባውን ያሳያል፤ ሙሉ ነኝ፣ አልተጎዳሁም እንደማለት። እጁን አንስቶ ይገባል። በማግሥቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም። በሩ የተገነጠለ ዕለትም ጥቂት ዘግይቶ ወጣ፤ ዞር ሲል ጉልበቱ ላይ አቧራ ነበረበት። አንዳንድ ቀን የኔታ አብረውት ይቆማሉ፤ በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ ሆነውም መጀመሪያ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። እናቴ ሳቀች፤ ከወር በላይ ሆኗት ነበር ከሳቀች።

ቀጥሎ አንድ ቀን አባቴ አልወጣም። በማግሥቱም ግቢው ባዶ ነው። እናቴ አባቴ ውጭ ሲያስል እየሰማች እንኳ እጄን አጥብቃ ያዘችኝ። በሦስተኛው ቀን፣ በሦስት ሰዓት፣ የኔታ ብቻቸውን መጥተው ዘይቱኑ ሥር ቆሙ። ወደ ቤቱ በጣታቸው አመለከቱ። መዳፋቸውን ጉንጫቸው ሥር አድርገው እንደተኛ ሰው ዘመም አሉ። ቀጥለው ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁና፣ ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ልክ እንደ አባቴ አነሱ። ስድስት ቀን እንዲህ እየመጡ አደረጉ። በሰባተኛው ቀን አባቴን ደግፈው አወጡት። ዞር ብሎ ጀርባውን ማሳየት አቅቶት ስለነበር ራሳቸው ትከሻውን ይዘው አዞሩት።

እናቴ ተነስታ ወደ ግቢው ወጣች።

"ታመህ ነበር?" አለችው።

አባቴ መረቡን እንደያዘ ወደ ክፈፉ አየና ወደኔ አየ። ወባ ሳይሆን አይቀርም አለ፤ መድኃኒት አልነበረም፣ የኔታ ውሃና ቆሎ እያመጡለት አልፎለታል። እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር ያልገባኝ። ኔትወርክ ጠፍቶ እህቴ እንደማታይህ አታውቅም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

"እንዴት አላውቅም" አለ። "እኔ ያሰብኩት ብሞት ነው። ስትመጡ ትከፍቱታላችሁ፤ እስከየትኛው ቀን እንደኖርኩ ታውቃላችሁ። እሷ ሩቅ ናት፣ መቼ ሞተ እያለች ዕድሜዋን ሙሉ እንዳትቆጥር።"

ይህን ብሎ መርፌውን መረቡ ውስጥ አሳለፈ።

ኔትወርክ ሲመለስ እህቴን አገኘናት። መጀመሪያ ሦስታችንም በአንድ ላይ ስለምንናገር ማንም ማንንም አልሰማም። ቪዲዮዎቹን አንድ በአንድ ላክሁላት፤ አንዱ ብቻ ለመሄድ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። አሳጥሬ ልቁረጥልሽ ብላት እምቢ አለች። በየቀኑ በሦስት ሰዓት ሻይዋን ይዛ የአንዱን ቀን ብቻ ታይ ነበር፤ ለነገ እንዳያልቅባት ይመስል። የታመመበት ቀን ላይ ስትደርስ እንዳትደነግጥ ፈርቼ አስቀድሜ ነገርኳት።

ምን እያለኝ ነበር ብላ አባቴን ደጋግማ ጠየቀችው። ሰላምታ ነው አላት እንጂ ሌላ አልጨመረም። የነገሯት የኔታ ናቸው፤ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው።

"ስምሽን ይጠራል፤ 'እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺስ?' ይላል" አሏት። "ከዚያ መልስ እስክትሰጪው ይጠብቃል።"

እህቴም፣ እርስዎስ እሱ በታመመ ጊዜ ምን ይሉኝ ነበር አለቻቸው። አባትሽ ተኝቷል፣ አልሞተም፣ ነገ ደግሞ እነግርሻለሁ እል ነበር አሏት።

በዓመቱ ኮንትራቷን ጨርሳ መጣች። ከሚኒባስ ስትወርድ አባቴ ቆሞ ይጠብቃት ነበር፤ ሁለቱም ምን እንደሚባባሉ ጠፍቷቸው ስለ መንገዱ አቧራ አወሩ። ለሁለቱ ሽማግሌዎች መነጽር አምጥታ ነበር፤ የማን የማን እንደሆነ ሳይለዩ ተቀያየሩት። የኔታ ለሦስት ቀን የአባቴን መነጽር አድርገው፣ ዐይኔ ጨርሶ ከፋ ብለው ሲያዝኑ ሰነበቱ። አባቴ በየኔታ መነጽር መረብ ሲጠግን ቀዳዳ ያልሆነውን ሁሉ ሰፋው። እህቴ ደርሳ አቀያየረቻቸው። አሁን እዚሁ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች፤ በጾም ቀን ይሸጣል አይሸጥም በሚለው ሁለቱም ይመክሯታል።