ሣሩን የላጨው ፀጉር አስተካካይ

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰፈሩ “ምላጩ” ይለዋል፤ እሱም በዚህ ተቀይሞ አያውቅም። ሱቁ የነበረበት ሕንፃ ሲፈርስ ሁላችንም ጡረታ ይወጣል ብለን ጠበቅን። እሱ ግን የሚሽከረከረውን ወንበሩን በጋሪ አስጭኖ ወደ ቤቱ አመጣና ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከግቢው ሣር መሀል አቆመው። መስታወቱን አጥሩ ላይ ሰቀለ። እኛ ደንበኞቹም ተከትለነው መጣን። አብዛኞቻችን የሚቆረጥ ፀጉር ከጨረስን ቆይተናል፤ የምንመጣው ለወንበሩ ነው።

ምላጩ በሕይወቱ የያዘው አንድ እምነት ነው፤ ንጹሕ ማለት አጭር ማለት ነው። ወንበሩ ላይ የወጣውን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ ሸኝቷል። ለመከራከር የሚሞክር ካለ፣ “እዚህ የተቀመጠ አንገቱን ይሰጣል እንጂ ምክር አይሰጥም” ይላል። ምላጩ በእጁ ስለሆነ ክርክሩ አይረዝምም።

ሣሩንም የያዘው እንደዚሁ ነበር። የባለ ጎማ ሣር ማጨጃውን ቢላ እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ አፈሩ እስኪታይ ያጭደዋል፤ ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ጠርዙን በመቀስ ያስተካክላል። ለአንድ ቀን ያምራል። ከዚያ አረሙ ይመጣል።

መጀመሪያ የመጣው እንግጫ ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ሣር ይመስላል፤ ግንዱን በሁለት ጣት ሲያሽከረክሩት ግን ሦስት ማዕዘን አለው፤ ሣሩ በታጨደ ማግሥትም ብቻውን ብድግ ብሎ ይታያል። ቀጥሎ በወንበሩ ዙሪያ ጎርጥብ ወጣ። ጎርጥብ ቅጠሉን መሬት ላይ ዘርግቶ ስለሚተኛ ማጨጃው በላዩ አልፎ ይሄዳል። ሣሩ በሳሳበት በኩል ደግሞ ባለ ሦስት ቅጠሉ ማገጥ ገባ። ምላጩ አረም ባየ ቁጥር ሣሩን ይበልጥ አሳጠረው። እንግጫውን ከአናቱ ይዞ ይመነጭቀዋል፤ ከሥሩ ጫፍ ያለው ድቡልቡል ፍሬው አፈር ውስጥ ይቀራል፤ እሱ “ነቀልኩት” ይላል።

እኔ ገበሬ ቤት ነው ያደግሁት። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ሆኜ፣ “ወንድሜ፣ ይኼ ነገር ከሥሩ ካልወጣ ይብሳል” አልኩት።

“አትንቀሳቀስ፤ ጆሮህ ጋ ነኝ” አለኝ።

አንገቴን አቀናሁለት።

ዝናቡ ሲገባ ነገሩ ወደ ቤት ገባ። የተራቆተው ግቢ ጭቃ ሆነ፤ ጭቃውም በጫማ ሳሎን ገባ። ባለቤቱ ወለላቸውን ተንበርክከው በእጃቸው የሚወለውሉ ሴት ናቸው። ግንበኛው ልጃቸው ነገሩን አየና እንደ ሙያው ፈረደ።

“አባባ፣ ዝናቡ ሲያባራ አሸዋ አራግፋለሁ። ግቢውን ሲሚንቶ እናልብሰውና መኪናዬም ትግባበት። ሲሚንቶ ላይ አረም አይበቅልም።”

“ራሰ በራ ላይም ቅማል አይወጣም። ታዲያ አገሩን ሁሉ ልላጨው?”

“ስትላጨው አይደል የኖርከው?”

እናትየው መሀል ገቡ። “እኔ ሣርም ሲሚንቶም አላልኩም። ጭቃ ወለሌ ላይ አይግባ ነው ያልኩት።”

“ወንበሬስ?” አለ ምላጩ።

“አሁንማ ረፍ አባባ። ወንበሩ ይሸጣል።”

መኪናው ከገባ ወንበሩ ይወጣል። ወንበሩ ከወጣ ምላጩ ቀኑን ሙሉ ሳሎን ተቀምጦ፣ ወለሉ ሲወለወል እግሩን እያነሳ የሚኖር ሰው ይሆናል። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ከሁላችንም ይልቅ የፈሩት ግን ባለቤቱ ናቸው። ስለዚህ ዝናቡ እስኪያባራ ጊዜ ሰጡት፤ ያን ጊዜ ጭቃ ካለ አሸዋው ይገባል፤ ጭቃ ከሌለ ሣሩ ይቆያል።

ምላጩ የአረም መድኃኒት ገዝቶ መጣ። መነጽሩ ስለጠፋበት ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳነብለት ሰጠኝ።

“አንተ አንብበህ እስክትጨርስ አረሙ በእርጅና ይሞታል” አለ።

ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ያነበብኩት ግን አያመልጠኝም። “የነካውን አረንጓዴ ነገር ሁሉ ያደርቃል ይላል።”

“ሣሩንም?”

“ሣሩንም። አህያዋ እንዳለችው ነው፤ እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል።”

ጠርሙሱን ከእጄ ተቀበለ። “ከዚህስ የልጄ ሲሚንቶ ይሻላል” ብሎ ወደ ገዛበት መለሰው።

በዚያው ሰሞን እርጥብ ሣር ላይ ማጨጃውን ሲጎትት አንሸራተተውና እጁን ወለም አለው። እጁ ታሰረ። ማጨድም ፀጉር መቁረጥም ቀረ። ሣሩ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ያልተስተካከለ ነገር ፊት ለፊት ተቀምጦ ዝም ማለት ለዚህ ሰው ሕመም ነው፤ ከእጁ ይልቅ ይህ ነበር የሚያመው። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ።

እጁ የተፈታ ዕለት ጠራኝ። ስደርስ ማበጠሪያ ይዞ ሣሩ ላይ ቁጢጥ ብሏል።

“ና እስቲ፣ ይኼን እይ” አለና ሣሩን በማበጠሪያው ከፈለው። አፈር አይታይም። ከሥር አዲስ የበቀለ አረም የለም፤ የቀሩት አሮጌዎቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ተለይተው ይታያሉ።

“ሣሩ አረሙ ላይ ጥላ ሆነበት” አለ። “ቦታም አጣ። እኔ ሣሩን በላጨሁ ቁጥር ለአረሙ ቦታ እየለቀቅሁለት ነበር።”

“ታዲያ ‘ተሳስቼ ነበር’ እያልከኝ ነው?” አልኩት።

“ሣር ፀጉር አይደለም ነው የምልህ።”

ከዚያ ወዲህ የማጨጃውን ቢላ ከፍ አድርጎ ጫፍ ጫፉን ብቻ ይወስድለት ጀመር። እንግጫውን ዝናብ አፈሩን ባለሰለሰ ቁጥር በቀጭን ቢላዋ ዙሪያውን እየማሰ፣ ሥሩን ተከትሎ እስከ ፍሬው ያወጣል፤ ፍሬው ካልወጣ አይነሣም። ማገጡን ሊነቅል ሲል ባለቤቱ ከለከሉት። “አረንጓዴ ነው፤ አፈር ሸፍኖልኛል፤ ምን አደረገህ?” አሉ። ማገጥ ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ ቤት አረም መሆኑ ቀረ።

ጎርጥቡ ግን እምቢ አለ። ይነቅለዋል፣ እዚያው ይመለሳል፤ የሚመለሰውም ወንበሩ ዙሪያ ብቻ ነው። አፈሩን በቢላዋ ሲወጋው ቢላዋው አልገባም አለ። በእሱና በእኛ እግር ተረግጦ እንደ ወለል ጠጥሯል። ሣር እዚያ ሥር መስደድ አይችልም፤ ጎርጥብ ይችላል። ምላጩ ወንበሩን ለረዥም ጊዜ አየው።

ዝናቡ አባራ። ልጁ አሸዋውን በሩ ላይ አራገፈ። እናትየው በቤት ጫማቸው ከአጥሩ በር ተነሥተው በሣሩ ላይ እስከ ቤቱ ደጃፍ ተራመዱና አንድ እግራቸውን አንሥተው ሶላቸውን አዩ። ተመልሰው ወንበሩን ዞሩና እንደገና አዩ።

“ሣሩ ላይ ጭቃ የለም” አሉ። “ወንበሩ ጋ አለ።”

“አየህ አባባ” አለ ልጁ።

“አይቻለሁ። አሸዋህን አምጣ” አለ ምላጩ። “ከወንበሩ ሥር ብቻ። ለወንበሩና በዙሪያው ለሚሠራ አንድ ሰው የሚበቃ።”

“መኪናዬስ?”

“መኪናህ ጫማ አድርጋ ሳሎን አትገባም” አሉ እናትየው። “ውጭ ትደር።”

ልጁ እንጨት አነሣና ልኩን ለማወቅ አባቱን “ወንበሩን ዙረው” አለው። ምላጩ መቀሱን አውጥቶ ሰው እንደተቀመጠበት ሁሉ ባዶውን ወንበር እየዞረ አየሩን ቆረጠ። ልጁ ከተረከዙ ኋላ ኋላ መስመር እያሰመረ ተከተለው። በአንድ በኩል መስመሩ ወደ ሣሩ ወጣ አለ።

“እዚህ ጋ ምን ልትሠራ ነው የሰፋው?” አለ ልጁ።

“ጎረቤታችን ሲመክረኝ ወደ ኋላ የምሸሽበት ነው።”

ልጁ ወደ እኔ አየና መስመሩን ትንሽ ጨመረበት።