ከመጋዘኑ የመጣው «ተቀበል»

እሑድ ኅዳር 8 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ አዝማሪ በቀበሌያችን አዳራሽ የፊልም ዘፈን በማሲንቆ ዘፈነ። ቀበሌው ከወሎ ሰፈር ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር።

አዝማሪው ከወሎ ገጠር የመጣ፣ በሰፈሩ ጠጅ ቤት የሚጫወት፣ ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላ ሰው ነው። ታናሽ ወንድሙን ሐሙስ ዕለት አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያሉትን ለሚወስደው ብሔራዊ ውትድርና አፈሱት። የታፈሱት ሰኞ ጠዋት እንደሚጫኑ ሰምቷል፤ የት ቀበሌ እንደተዘጋባቸው ግን የሚነግረው አላገኘም። የአራት ቀበሌ በር አንኳኳ። የሁሉም ዘበኛ መልስ «እዚህ የለም» ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጋዜጠኛ ነዎት፣ ያስፈቅዱልኝ» አለኝ። «የእሑዱ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ልዝፈን። ከአዳራሹ ጀርባ ያለው መጋዘን ውስጥ ዘግተውበት ከሆነ ድምፄን ያውቀዋል።»

«ካለስ ምን ታደርጋለህ?»

«እናታችን ስንቅ ይዛ ትሄዳለቻ! ሳታየው ከጫኑት ምን ብዬ እነግራታለሁ?»

ሊቀመንበሩን አስፈቀድኩለት። ዘፈኑ ያለበት ፊልም በየበዓሉ በቴሌቪዥን የሚታይ የፈረንጅ የቤተሰብ ፊልም ነው። ልጆች በር ላይ ቆመው፣ ከሥራ ያልተመለሰ አባታቸውን እየጠሩ የሚዘፍኑት ዘፈን አለው። የአማርኛውን ግጥም የገጠመለት ታናሽየው ነው።

«ባላገሩ ፈረንጅ ሊሆን ነው?» ብሎ ሳቀ ሊቀመንበሩ። «ይሁን፣ የልጆች ዘፈን ምን ክፋት አለው።»

መጀመሪያ ሕዝቡም ሳቀበት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳቁ ቆመ። ከፊቴ የተቀመጡ እናት የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። «ና ግባ፣ መሽቷል» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ደገመው። ሦስት ጊዜ ደገመው። ከዚያ ደጋኑን አንሥቶ ጆሮውን ወደ ጀርባው ግድግዳ አዘነበለ።

ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከመጋዘኑ፣ «ተቀበል!» የሚል የታናሽየው ድምፅ መጣ፤ ስንኝም አስከተለ።

ጠጅ ቤት ሲሠሩ ታናሹ ስንኝ ይሰጣል፣ ታላቁ ተቀብሎ ያዜማል። የተሰጠውን ቃል ሳያጎድል ይመልሳል፤ ምን እንዳለ የሚያስበው ካዜመ በኋላ ነው። አሁንም በፊልሙ ዜማ፣ በማይክራፎን፣ ቃል በቃል ተቀበለው፦

«እኔስ ተይዣለሁ፣ አንተ ሽሽ ወንድሜ፤
እነሱ የሚሹት፣ ያንተኑ ነው ዕድሜ።»

ደጋኑ ክሩ ላይ ቆመ። የዘፈነው የገባው ያኔ ነው።

ሊቀመንበሩ ከመቀመጫው ተነሣ። «አንተ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ጓድ፣ እናቴ ብቻዋን…»

«ስንት ነው ያልኩህ!»

እኔም ተነሥቼ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «አውቃለሁ፣ ይቀመጡ» አለኝ። ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች በመድረኩ ግራና ቀኝ ወጡ። አዝማሪው ማሲንቆውን ወንበሩ ላይ በቀስታ አስቀምጦ አብሯቸው ወረደ።

ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የጭነት መኪናው ከግቢው ወጣ። በሩ ላይ የተለጠፈውን የስም ዝርዝር አነበብኩ። የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ነበሩበት፤ አንዱ በታይፕ፣ ሌላው ከታች በእስክሪብቶ የተጨመረ።