የወገል ጤናዋ ጓደኛ

ዓይናዲስ የላሊበላ አስጎብኚ ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ከወይዘሮ ወለተ ሐና ጋር ትኖራለች። በሥራዋ ስሟ የተመሰገነ ነው፤ አንድ አመል ብቻ አለባት፤ «አላውቅም» ማለት አይሆንላትም። ፈረንጅ አንዱን ምሰሶ እያየ «ይህን ማን ጠረበው?» ካላት፣ ጠራቢውን ከነስሙ፣ ከነሚስቱ፣ ሲብስባትም ከነቁርጥማቱ ፈጥራ ታስረክበዋለች። እንግዳው ተደስቶ ይሄዳል፤ በማግስቱ አገሩ ነው፣ ተመልሶ አይጠይቃትም። የላሊበላ ሰው ግን የትም አይሄድም፤ ሲጠይቅ ውሎ ሲጠይቅ ያድራል።

ይህ አመል ጉድ ያፈላባት ያረገዘች ጊዜ ነው። ፈልጋ አልነበረም፤ አስባውም አታውቅም። ሰውየው ደሳለ ይባላል፤ እንግዶችን ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚያመላልስ ሾፌር፣ መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ። በጥምቀት ሰሞን የጀመሩት ነገር በበልጉ ዝናብ ቀዝቅዞ፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ደሳለ ምንም አልሰማም፤ እናቷም አልሰሙም። ዓይናዲስ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ አገሩ ሳይወስንላት፣ ጊዜውም ሳያልፍባት፣ ለራሷ ራሷ መወሰን።

ምን ምን መንገድ እንዳላት ለማወቅ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ጽጌማርያም ወንበር ሰጥታት በሩን ዘጋችላት። ዓይናዲስ ከመቀመጧ «ለጓደኛዬ ነው» አለች። ጽጌማርያም ትንሽ አየቻትና፣ እሺ፣ ስለ ጓደኛሽ እንነጋገር አለቻት።

ከዚያም ሳትቸኩል አስረዳቻት። ጓደኛዋ ወልዳ ማሳደግ ትችላለች። ወልዳም ለዘመድ፣ ወይ ልጅ ለሚፈልጉ ሰዎች በሕግ አግባብ መስጠት ትችላለች። ማቋረጥ ብታስብ ደግሞ ሕጉ የሚፈቅድባቸው ሁኔታዎች አሉና ራሷ መጥታ ነርሶቹን ታነጋግር፤ በጊዜ ከሆነ ለጤናዋም ይቀላል። ገበያ የሚሸጥ ሥርና ቅጠል ግን በምንም ምክንያት እንዳትነካ፣ እሱ ስንቱን ለመቃብር ዳርጓል። «ሰው ይምከራት፣ ምንም አይደል» አለች ጽጌማርያም፤ «የምትወስነው ግን እሷ ናት።»

ቀጥላም ልጂቱ አጠገቧ የሚሆን ሰው እንዳላት ጠየቀች። ሌላ ሰው ቢሆን «እንጃ» ብሎ ያልፍ ነበር። ዓይናዲስ ግን ጥያቄ ሲቀርብላት አፏ ቀድሟት ይሄዳል፤ ጓደኛዋ ምስጋና እንደምትባል፣ አገሯ ወገል ጤና እንደሆነ፣ አባቷ ኃይለኛ ገበሬ እንደሆኑ፣ አንድ የምታነክስ በቅሎም እንዳላቸው ተናገረች። ጽጌማርያም ስለ በቅሎዋ እንዳልጠየቀች በትሕትና ነግራ፣ ጓደኛሽ በፈለገች ሰዓት ትምጣ ብላ ሸኘቻት።

የጤና ጣቢያው ነገር እዚያው ይቀር ነበር። በር ላይ ግን ጎረቤቷ እትዬ ማኅሌት ደም ግፊታቸውን ተለክተው ሲወጡ ተገናኙና፣ ምን ሆነሽ ነው ሲሉ ጠየቋት። ጠየቋት እንግዲህ! የወገል ጤናዋ ምስጋና እንደገና ተወለደች፤ አሁን ደግሞ የእንጀራ እናት ተጨመረላት፣ ከአባቷም ተጣላች።

እትዬ ማኅሌት ነገር ሆዳቸው አያድርም። በማርያም ማኅበር ዕለት ጠላው ከመቀዳቱ በፊት ምስጋና መሀል ቤት ገብታለች። አንዷ ለገንፎዋ የሚሆን ገብስ ላዋጣ አለች፤ አንዷ ቅቤ፤ ሌላዋ ለሕፃኑ መጠቅለያ የሚሆን አሮጌ ነጠላ። ክርስትናው በአርባ ቀን ነው በሰማንያ፣ ማለትም ወንድ ይሆናል ሴት፣ በሚለው ሁለት ሴትዮዎች ተጣልተው ሳይሰነባበቱ ተለያዩ። ልጅ ያልወለደች አንዲት ባለ ሆቴል፣ ከወለደች ለኔ ትስጠኝ ብላ መልእክት ላከች። ሥርና ቅጠል የሚሸጠው ሰውዬ ሳይቀር ዓይናዲስን ከመንገድ ዳር ጠቀሳት፤ እሱን የነርሷን ቃል አስታውሳ ዘግታው አለፈች።

ደሳለም መክሯታል። እንግዳ ይዛ መኪናው ውስጥ ጋቢና በተቀመጠችበት፣ ሰውየውን ብቻ ባገኘሁት አለ፤ አንዲትን ልጅ እንዲህ አድርጎ ዞር ብሎ የማያይ ሰው ወንድ አይባልም አለ፤ እጁን ከመሪው ላይ እያነሳ ረገመው። ዓይናዲስ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ልንገረው ብላ አፏን ከፈተች፤ እሱ ግን ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

ከሁሉ ከሁሉ ያባባት የእናቷ ቃል ነበር። ወይዘሮ ወለተ ሐና ለማያውቋት ልጅ አዘኑላት፤ አንድ ምሽት እራት ላይ፣ አይዟት የሚላት ሰው ይኑር እንጂ ይኼ በሰው ልጅ የመጣ ነው አሉ። ዓይናዲስ እንጀራውን እንደ ያዘች፣ «እማዬ፣ እኔ ብሆንስ?» አለች። እናትየው ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡት። «በስመ አብ በይ። አንቺማ እንዲህ ያለ ነገር አታመጪብኝም» አሉ። ዓይናዲስም በስመ አብ አለች።

ነገሩ በዚሁ ቢያበቃ ደግ ነበር። የቤተሰቡ የንስሐ አባት ቄስ ገብረ ሊባኖስና ሽምግልና የማይሰለቻቸው አቶ አረጋ ግን ነገሩን ሰምተው ዝም ማለት አልሆነላቸውም። አባትና ልጅ መኳረፋቸውን እያወቁ ቤት መቀመጥ ለእነሱ እንደ ኃጢአት ነው። ማንም ሳይልካቸው ወገል ጤና ሄደው አባትየውን ሊያስታርቁ ቆረጡ። ደሳለ ደግሞ፣ ለነፍሴ ይሁነኝ ብሎ በነፃ ሊያደርሳቸው ተነሳ።

ዓይናዲስ ይህን የሰማች ለት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሁለት ሽማግሌዎች በጋሸና በኩል ዞረው፣ ያን ሁሉ አቧራ ቅመው፣ የሌለች ልጅና የሌለ አባት ሊፈልጉ ነው፤ የሚነዳቸው ደግሞ ያስረገዘው ሰውዬ ራሱ ነው። ጠዋት መኪናው ሳይነሳ ደረሰች። በመስኮቱ በኩል መስቀሉን ተሳልማ፣ አንድም ሳትጨምር፣ በዕድሜዋ ካወራችው ሁሉ አጭሩን ነገር ተናገረች።

«አባ፣ የወገል ጤናዋ ልጅ የለችም። ያረገዝኩት እኔ ነኝ።»

 የቄስ ገብረ ሊባኖስ ዓይን እንባ ሞላ። «ልጄ» አሉ፣ «የጓደኛሽን ገመና በራስሽ ላይ ወሰድሽላት? እንዲህ ያለ ፍቅር በዚህ ዘመን አለ?» አቶ አረጋ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ዓይናዲስ ማለች፣ ተገዘተች፤ በማለች ቁጥር እነሱ ይበልጥ አደነቋት። ተስፋ ስትቆርጥ ወደ ሾፌሩ ዞረች። ያንተ ነው አለችው። አቶ አረጋ ይኼን ጊዜ ቆጣ አሉ፤ ለጓደኛ መሸፈን ደግ ነው፣ የጨዋ ልጅ ስም እስከ ማንሳት ግን አይኬድም አሏት።

ደሳለ ግን ገብቶታል። ፊቱ ልውጥ አለ። ሽማግሌዎቹ ሳያስቡት ነፃ እንዳወጡት ሲያይ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ቁልፉን አዞረና ነዳው። ዓይናዲስ አቧራው እስኪወርድ ቆማ ቀረች። ደሳለን በተመለከተ ያላት ጥያቄ ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ መልስ አገኘ።

መንገድ ላይ የቆሙ ሰዎች የሰሙት ወሬ ከእሷ ቀድሞ ቤት ደርሶ ነበር። ጎረቤት እየገባ እናቷን፣ እንዲህ ያለች ልጅ የወለደ ማኅፀን ይባረክ ይላቸዋል። ወይዘሮ ወለተ ሐና ግማሽ ኮርተው ግማሽ ተቆጥተው ጠበቋት፤ ለሰው ብለሽ ስምሽን አታጉድፊ አሏት። እውነቴን ነው ስትላቸው ስንዴያቸውን ይዘው ደጅ ወጡና ለቀማ ጀመሩ። ያን ስንዴ ሁለት ቀን ሙሉ ለቀሙት፤ አንድ ጠጠር ያልነበረበት ስንዴ ነው።

ሽማግሌዎቹ በሦስተኛው ቀን አቧራ ለብሰው፣ ግን ፊታቸው በርቶ ቀጥታ ወደ ወይዘሮ ወለተ ሐና ቤት መጡ። ደሳለ በር ላይ አውርዷቸው ሄዷል። ገና ሳይቀመጡ፣ አገኘናት አሉ።

ዓይናዲስ ግድግዳ ተደገፈች። ማንን ነው ያገኙት?

አቶ አረጋ ከስር ጀምረው አወሩ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ያገኟቸውን አንዲት አሮጊት መነኩሲት፣ ከአባቷ የተጣላች ነፍሰ ጡር ያውቁ እንደሆነ ብለው በምሥጢር ቢጠይቋቸው፣ መነኩሲቷ ማን ነገራችሁ ብለው እያለቀሱ ወደ አንድ ቤት ወሰዷቸው። ልጂቱ አክስቷ ጓዳ ተደብቃለች፤ አባቷ ከቤት አባረዋታል። ስሟ ምስጋና አይደለም፤ ከእፍረት ነው ብለው አለፉት። የእንጀራ እናት የላትም፤ አለፉት። በቅሎም የላቸውም፤ ሸጠዋት ይሆናል። ዓይናዲስ የምትባል ጓደኛ አላውቅም አለች፤ እሱንም አለፉት። አባትየውን አንድ ቀን ሙሉ ለመኗቸው፤ ወደ ማታ ላይ አባትየው ተነስተው ሄደው ልጃቸውን አቅፈው አለቀሱ።

«ስንነሳ ግን» አሉ ቄስ ገብረ ሊባኖስ ፈገግ እያሉ፣ «ልጂቱ አንድ እንግዳ ነገር ጠየቀችን። ‘የማታውቀኝ ሰው እንዲህ ያሰበችልኝ፣ እሷ ራሷ ምን ሆና ነው?’ አለችን።»

ይህን ብለው ሊስቁ ነበር። ሳቁ መሀል ላይ ቀረ። አቶ አረጋ ወደ መሬት አዩ። ወይዘሮ ወለተ ሐና የያዙትን የጠላ ማንቆርቆሪያ ቀስ ብለው አስቀምጠው ልጃቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩዋት፤ ስታወራ አይደለም፣ ዝም ስትል አዩዋት።

ቄስ ገብረ ሊባኖስ ጉሮሯቸውን ጠርገው ምክር ሊጀምሩ ነው። ወይዘሮ ወለተ ሐና በሕይወታቸው የቄስ ቃል አቋርጠው አያውቁም። ዛሬ እጃቸውን አነሱ።

«አባ፣ ይቆዩኝ። አስቀድሜ ልጄን ልጠይቃት።» ወደ ዓይናዲስ ዞሩ። «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

በእነዚያ ቀናት አገሩ በሙሉ ስለዚህ ሆድ ሲናገር ይህን ጥያቄ የጠየቃት አልነበረም። ነርሷ የነገረቻትን መንገዶች ሁሉ ብቻዋን ደጋግማ አስባባቸዋለች፤ ስለዚህ ፈጥራ መናገር አላስፈለጋትም።

«መውለድ እፈልጋለሁ። ራሴ አሳድገዋለሁ» አለች። «ደሳለን ግን አልፈልገውም።»

«ደሳለ?» አሉ አቶ አረጋ። «መንገዱን ሙሉ ሰውየውን ሲረግም አልነበረም እንዴ?» 

 ለቅሶውም፣ እፍረቱም፣ ጎረቤቱም በወይዘሮ ወለተ ሐና ፊት ላይ ሲያልፍ ይታይ ነበር። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ሄደው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ፣ ከዚያም ሁለቱም አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ፤ ባርኔጣቸውንና ጭራቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ ከሰው ቤት አንድም ምክር ሳይሰጡ ሲወጡ ያ ቀን ለሁለቱም የመጀመሪያቸው ነበር።